አምላክ ሰው ላይ ሲያድር ሰውየው የት ይሄዳል?

ሰንበሌጥ፦
ሰላም ቤተሰብ። ምናባዊ ዓለም ፈጥሬ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዓለሙ ሰባት አማልክት አሉት፤ ወደ ምድር መምጣት ሲፈልጉ የሰው ገላ ያስፈልጋቸዋል። የዝናቧ አምላክ አንዲት በግ ጠባቂ ልጅ ላይ ታድራለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ የት ገባች? ትሰማለች? ታስታውሳለች? ወንድሜ ሦስተኛውን ምዕራፍ አንብቦ «አንቺ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጠፋችብኝ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ለእኔም ጠፍታብኛለች። ቃሉም አስቸግሮኛል፤ «አደረችባት» ልበል ወይስ «ሥጋዋን ለበሰች»?

ንስር27፦
መጀመሪያ አምላኳ ገላ ለምን እንዳስፈለጋት ወስኚ። በሂንዱዎች የራማ ታሪክ የአጋንንቱ ንጉሥ ራቫና አማልክትም አጋንንትም እንዳይገድሉት ከፈጣሪው አምላክ ከብራህማ ቃል ይቀበላል። ሰውን ግን ንቆ ሳይጠቅሰው ይቀራል። ስለዚህ አምላኩ ቪሽኑ እሱን ለማጥፋት የቀረው መንገድ ሰው ሆኖ መወለድ ነው። ተወለደም፤ እናት አባት አለው፣ ጫካ ይሰደዳል፣ ሚስቱ ስትጠለፍ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ አማልክቱ ማንነቱን ሲነግሩት እንኳ «እኔ ራሴን የማውቀው ሰው፣ የዳሻራታ ልጅ ራማ መሆኔን ነው» ይላቸዋል። እዚያ የሚጠፋ ሰው የለም፣ አምላኩ ራሱ ነው የተወለደው። ያንቺ ልጅ ግን ቀድማ ስለነበረች መንገዱ አይሆንሽም፤ ምክንያቱን ብቻ ውሰጂ።

እንሶስላ፦
እህቴ፣ ሩቅ ምን አስኬደሽ? ዛር አለልሽ አይደል! አምላክ ሳይሆን መንፈስ ነው፣ አሠራሩ ግን ቁጭ የምትፈልጊው ነው። ዛር የሚሰፍርበት ሰው «ፈረስ» ይባላል። ልጅ ሳለሁ ዛር ያለባቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩን፣ እማማ እንላቸው ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ መጀመሪያ ያዛጋሉ። ከዚያ አንገታቸው ይዞራል፣ ያጓራሉ፣ ድምፃቸው ይወፍራል። «ፈረሴን ለምን አስከፋችኋት?» ይላል በእሳቸው አፍ፣ ስለ እሳቸው። ቤተሰቡ ይለማመጠዋል፤ እሱ ሽቶ ይጠይቃል፣ ቀለበት ይጠይቃል፣ ገብስማ ዶሮ ይላል። ሲለቃቸው ውሃ ይጠጡና ነጠላቸውን እየዳበሱ «ይኼን ማን አራሰብኝ?» ይላሉ። ያራሰው የራሳቸው ላብ ነው። ስለ ቀለበቱ የምንነግራቸው እኛ ነበርን። አየሽ፣ ልጅቷ የማታውቀውን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔ ብሆን ታሪኩን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

የጣና ልጅ፦
በቃሉ ላይ ልጨምር። «ሥጋ ለበሰ» በእኛ ጆሮ ሌላ ክብደት ስላለው ተይው። የኔታ ኅድረትንና ተዋሕዶን ሲለዩልን፣ ማደር ማለት ዳዊት በማኅደሩ እንዳለ ነው፣ ሁለቱ ሁለት ሆነው ይቀራሉ፤ ተዋሕዶ ግን እንደ ብረትና እሳት ነው ይሉን ነበር። ያንቺ ማደር ነው፣ «አደረችባት» በይ።
መውጫውንም አስቢበት። ኔፓል፣ ካትማንዱ ውስጥ ኩማሪ የሚሏት ትንሽ ልጅ አለች፤ ታለጁ የምትባል አምላክ ታድርባታለች ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1757 በተሠራ ቤት ትኖራለች። ስትወጣ ተሸክመዋት ነው፣ እግሯ መሬት አይነካም። ድሮ ንጉሡ፣ ዘውዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቀረ ወዲህ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ቡራኬዋን ይቀበላል። የወር አበባዋን ስታይ ግን አምላኳ ለቃታለች ይባልና ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። እስቲ አስቢው፣ ትናንት የተሰገደላት ልጅ ዛሬ መንገድ መሻገር ልትለማመድ ነው።

ሰንበሌጥ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ። ምዕራፉን ዛሬ ማታ እንደ አዲስ ልጽፈው ነው፣ ከአምላኳ ሳይሆን ከልጅቷ ወገን። ስትነቃ ቀሚሷ ርሷል፣ በጎቿ ተበትነዋል፣ መንደርተኛው ተንበርክኳል፤ እሷ ግን የምትጠይቀው ስለ በጎቿ ነው። እንሶስላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እማማ ፈረስ መባላቸውን ያውቁ ነበር?

እንሶስላ፦
እንዴታ! በማግስቱ ወገባቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይቀመጡና «ትናንት ሩቅ ጋልቦኛል» ይሉን ነበር።