ስለ ደረቅ ወደቡ ማስፋፊያ የሕዝብ ምክክር፦ በጋራ ረቂቃችን ላይ የቀረበ ማሻሻያ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ወደፊት የሚስፋፋ ከሆነ ሕዝቡ እንዴት ይመከር በሚለው ላይ የተዘጋጀውን ረቂቅ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከተማችን ከጂቡቲ የሚመጣውን ዕቃ በስፋት ብታስተናግድ ለልጆቻችን ሥራ ይገኛልና ማስፋፊያውን በመርህ እደግፋለሁ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ግን እንደገና ቢጻፍ እላለሁ።

አንቀጹ ምክክሩ በአዳራሽ እንዲካሄድና ተሳታፊዎች እንዲፈርሙ ይላል። ለመገኘት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ኋላ እንደ ስምምነት ሲቆጠር ብዙዎቻችን አይተናል። ስለዚህ የመገኘት ፊርማ ከይሁንታ ተለይቶ እንዲያዝ፣ የተነሣው ተቃውሞም ሳይለዝብ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር በግልጽ እንጠይቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል፤ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያዩ ያዛል።

አንድ ወንድማችን ባሕር ደልድሎ ወደብ መሥራት የጠረፍ አገሮች ጉዳይ በመሆኑ የዚያ ልምድ ለእኛ እንደማይጠቅም ጽፈዋል። በዚህ አልስማማም። ባሕር በአሸዋና በድንጋይ ሲሞላ የውኃው አካሄድ ይለወጣል፣ ደለሉም ዓሣ የሚራባበትን ሥፍራ ያለብሳል፤ እኛም በቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ለኮንቴይነር ማስቀመጫ በአፈር ከፍ ብናደርገው፣ ማረፊያ ያጣው ጎርፍ ወደ ማዶ ማሳ መዞሩ አይቀርም። በሐምሌና በነሐሴ ከደሴ በኩል የሚወርደው ውኃ ጠጠርና ጭቃ ጭኖ ይመጣል፤ ዳር ላይ ያለ ቡቃያ በአንድ ሌሊት ደለል ለብሶ ሲያድር የሚያውቀው ባለማሳው ነው። ስለዚህ የማስፋፊያው ወሰን በነሐሴ በችካል ምልክት ይደረግበት፣ ነዋሪውም ከመሐንዲሶቹ ጋር በእግሩ ይዙረው፤ የአዳራሹ ውይይት ግን ገበሬው እህሉን ካስገባ በኋላ፣ በጥር ይሁን። ይህ ሁሉ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ካልተደረገ ምክክር ሊባል አይገባውም።

ረቂቁ የዘነጋቸው ሰዎችም አሉ። ቦርከና ከኮምቦልቻ አልፎ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ይመጣሉ። እነርሱም ይጠሩ፣ በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ አስተርጓሚ ይመደብ።

የምትስማሙ ከሆነ አንቀጹን በዚህ መልክ ጽፌ አቀርባለሁ፤ የሕግ ባለሙያ የሆኑት እህታችን የረቂቁን የካሳ ክፍል ቢያዩልን ደግሞ እጅግ እናመሰግናለን።