«ሎርድ» ሆኖ የሕዝብ እንደራሴ? ግራ ገብቶኛል

ተርጓሚው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ዊንስተን ቸርችል አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አባቱ «ሎርድ» ራንዶልፍ ይባላል፤ ግን የተቀመጠው ከሕዝብ እንደራሴዎች ጋር በታችኛው ምክር ቤት ነው። ሎርድ ከሆነ የሎርዶቹን ቤት ትቶ እዚያ ምን ይሠራል? ደግሞ የመኳንንቶቻቸውን ማዕረጎች፣ ዱክን «ራስ»፣ ኧርልን «ደጃዝማች» ብለው ያስኬዳል? ነገ ማታ አስረክባለሁ፤ ድረሱልኝ።

ታሪክ ወዳድ፦ አይፈረድብህም፣ ወንድሜ። ሁለት ዓይነት ሎርድ አለ። አንዱ የማዕረጉ ባለቤት ነው፤ ያኔ ቦታው የላይኛው (የሎርዶቹ) ቤት ነበር፤ በታችኛው መቀመጥ አይችልም ነበር። ሌላው የዱክ ልጅ ስለሆነ ለክብር ብቻ ሎርድ ይባላል። ራንዶልፍ የማርልበሮው 7ኛ ዱክ ልጅ ነው፤ ግን በኩር አይደለም። በሕግ ፊት እንደ ማንም ተራ ሰው ነው፤ መወዳደር ይችላል። በ1874 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የተመረጠው ከዉድስቶክ ነው። የአባቱ ቤተ መንግሥት ብሌንም ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ሩቅ አልሄደም!

ለምለም፦ በኩሩም ቢሆን አባቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ይወዳደር ነበር። የዴቮንሻየር ዱክ ወራሽ ሎርድ ሃርቲንግተን ከ1875 እስከ 1880 በታችኛው ምክር ቤት ሊበራሎችን መርቷል። በ1891 አባቱ ሲሞት ግን ወደ ላይኛው ቤት ገባ።

ቀዮ፦ የሌበር ፓርቲውን እንደራሴ የቶኒ ቤንን ጉድ አልሰማችሁም? አባቱ ቫይካውንት (ከኧርል ዝቅ ያለ ማዕረግ) ነበር። በ1960 ሲሞት ማዕረጉ ልጁ ላይ ወደቀ፤ የብሪስቶል ወንበሩም ሄደ። ሰውየው እምቢ ብሎ በ1961 እንደገና ተወዳደረና አሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ወንበሩን ለተሸነፈው ሰጠው! ማዕረግን መተው የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1963 ሐምሌ ነው። ቤን በዚያው ቀን ጣለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ 14ኛው የሆም ኧርልም ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ማዕረጉን ተወ። በማሟያ ምርጫ እስኪያሸንፍ ሁለት ሳምንት ያህል የየትኛውም ምክር ቤት አባል ሳይሆን አገር መራ።

ተርጓሚው፦ ታዲያ ዊንስተን ራሱ ዱክ ሊሆን ይችል ነበር?

ታሪክ ወዳድ፦ ለጥቂት ነው የተረፈው። አባቱ በ1895 ሲሞት የ9ኛው ዱክ፣ የአጎቱ ልጅ ማለት ነው፣ ወራሽ እሱ ሆነ። ዱኩ ወንድ ልጅ አልነበረውማ። በ1897 ግን ወንድ ተወለደለት። ያ ሕፃን ባይመጣ ኖሮ 9ኛው ዱክ በ1934 ሲሞት ዊንስተን ዱክ ይባልና የታችኛውን ቤት ይሰናበት ነበር። ከ1963 በፊት ደግሞ «አልፈልግም» ማለት የለም።

ለምለም፦ የትርጉሙን ጥያቄ ረሳችሁት። «ራስ» እና «ደጃዝማች» አትበል። የኛዎቹ ሹመት ነበሩ፤ ንጉሡ ለሰውየው ይሰጥ ነበር እንጂ አባት ስለሞተ ብቻ ለልጅ አይተላለፉም ነበር። ዱክ፣ ኧርል ብለህ እንዳለ ተወው። ደግሞ አባትየውን «ሎርድ ራንዶልፍ» እንጂ «ሎርድ ቸርችል» እንዳትለው። የዱክ ታናናሽ ልጆች ሎርድ የሚባሉት በራሳቸው ስም ነው።

ተርጓሚው፦ ወይኔ! አምስት ቦታ «ሎርድ ቸርችል» ብያለሁ። እድሜ ይስጣችሁ፣ ላርም ሄድኩ።