የላሊበላ ጣራ ይነሳ አይነሳ? እስኪ ስለ ውሃው እናውራ

የሮሃ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ክረምቱ ሳይገባ ይሄን ላሊበላ ላይ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከለውን ሼድ፣ የብረቱን መጠለያ ጣራ ማለቴ ነው፣ እንነጋገርበት። የኔ አቋም ይነሳ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ ሲተከል ጊዜያዊ ነው ነበር የተባለው፣ በ2011 ህዝቡ ሰልፍ ወጥቶ አንሱልን ብሎ ጮኸ፣ ብረቱ ግን ቤተ መድኃኔዓለም ላይ እንደቆመ ነው። ነፋስ ሲነሳ ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚያየው። እሱ ቢወድቅ የሚወድቀው የትም በማይተካ ድንጋይ ላይ ነው እኮ።

ጠብታ፦
ስጋትህ ይገባኛል ወንድሜ፣ ግን ነገ ተነስቶ ሐምሌ ቢገባስ? ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ክረምት ይርሳል በጋ ይደርቃል፣ እንዲህ እያለ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ደግሞ ውሃው ውስጥ ድረስ ይወርዳል። ጣራው የተሰራው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ቦይ ጠራጊ፦
ሁለታችሁም ቀና ብላችሁ ብረቱን ነው የምታዩት፣ እስኪ ወደ መሬት እዩ። ነሐሴ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ ዝናብ መታኝ፣ አልሸሸሁም፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ማየት ፈልጌ ነበር። ዙሪያው ያለው አለት ራሱ ተዳፋት ሆኖ ነው የተጠረበው፣ በራሱ በቤተክርስቲያኑ የድንጋይ ጣራ ላይ የወረደው ደግሞ ከዛው ከአለቱ በተፈለፈለ አሸንዳ ተወርውሮ ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል። 800 ዓመት ገደማ የሆነው ስራ ነው! እነዛ ሰዎች ቤተክርስቲያን ብቻ አይደለም የፈለፈሉት፣ የውሃ መንገድም ፈልፍለዋል። በህንጻዎቹ ዙሪያ ያለው ቦይም ለእግር መንገድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ወለሉ ያዘቀዘቀው ውሃው እንዲወጣ ነው። ትግራይ ያለውን የደብረ ዳሞ ገዳም ደግሞ አስቡት፣ አምባው ላይ ምንጭ ስለሌለ መነኮሳቱ አለት ፈልፍለው ዝናቡን ያጠራቅማሉ። እዛ ውሃው እንዳይሄድ ነው ጭንቁ፣ እዚህ ደግሞ እንዳይቀር። ስለዚህ በደለል የተደፈነ ቦይ ካለ ጣራ ኖረም አልኖረም ውሃው ተመልሶ እግሩን ይበላዋል።

ጠብታ፦
ቆንጆ ብለሃል፣ ግን ቤተ ጊዮርጊስን ለሁሉም ማስረጃ አታድርገው፣ እሱ አለቱም ይሻላል። ቤተ አማኑኤል ላይ አሸንዳው ቢጸዳ ስንጥቁስ ማን ይደፍነዋል? ተቸኩሎ የተሰራም አይተናል፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በእድሳት ስም ሬንጅ ቀብተውት አልነበር? በኋላ በ1960ዎቹ የጣሊያኑ አርክቴክት አንጄሊኒ መጥቶ ነው ሬንጁን ያስላጠው።

የሮሃ ልጅ፦
እሱማ ለኔ ነው የሚመሰክረው፣ ከውጭ የመጣ መላ ሁሉ መፍትሄ አይደለም።

ጠብታ፦
ሬንጁን የላጡትም ከውጭ የመጡ ናቸው ወንድሜ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልም በውጭ እርዳታ ነው የተጠገነው፣ ያውም ሼድ ሳያስፈልገው። እንደሱ የሚሰራ ከሆነ እኔም ይነሳ ከሚሉት ጋር ነኝ። ጭቅጭቄ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፣ መጀመሪያ በጣራው ስር ስንጥቁ ይጠገን፣ ከዛ አንድ በአንድ ይነሳ።

ቦይ ጠራጊ፦
በዚህ ተስማማን ማለት ይቻላል፣ ግን ከስንጥቁም በፊት ቦዩ። ለጥገናው ባለሙያና ገንዘብ ይጠበቅ ይሆናል፣ ደለል ለማውጣት ግን አካፋና ቅርጫት ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም ቄሶቹና ቅርስ አዋቂው ቆመው እያዩ፣ ምክንያቱም ድሮ የተጠረበውን ወለል በዶማ የሚነካ ሰው እንዳይገባበት። የሮሃ ልጅ፣ አንተ እዛው ነህና አንድ ነገር ልለምንህ፣ መጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እዛው ላሊበላ ዮርዳኖስ ወደሚባለው የውሃ መውረጃ የሚወርደው ውሃ የት ጋ እንደሚተኛ አይተህ ፎቶ አምጣልን።

የሮሃ ልጅ፦
አመጣለሁ። ግን ጣራው ላይ ያለኝ አቋም አልተቀየረም።