ላረጀ ውሻ የማይቶኮንድሪያ ደጋፊ እንክብል ልስጠው ወይስ ይቅር?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቦቢ የሚባለው ውሻችን 11 ዓመት ሞልቶታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከግቢው በር እስከ ጓሮ ያለችውን አጭር ዳገት ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ያለከልካል፤ ሰው ሲመጣም ጭራውን ይቆላል እንጂ እንደ ቀድሞው ተነሥቶ አይጮኽም። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ የሴሎችን የኃይል ማመንጫ፣ ማለትም ማይቶኮንድሪያን፣ ያግዛሉ ብሎ ለሰው የተዘጋጁ ሦስት ዓይነት እንክብሎች ልኮልኛል፤ እነሱም ኮኪው10፣ ኤል ካርኒቲንና አልፋ ሊፖይክ አሲድ ናቸው። የትኛውን፣ በምን መጠን ልስጠው? የእሱን ትራፊ የምትበላ ድመትም አለችን።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ድመቷን ማንሣትዎ መልካም ነው። አልፋ ሊፖይክ አሲድ ያለበትን ጠርሙስ አይክፈቱት፤ ድመት ለዚህ ንጥረ ነገር ከውሻ በ10 እጥፍ ገደማ ተጋላጭ ስለሆነች፣ ለሰው የተዘጋጀ አንድ እንክብል ብቻ ጉበቷን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።

የቀሩት ሁለቱ ሥራቸው የታወቀ ነው። ካርኒቲን የስብ አሲዶችን ወደ ማይቶኮንድሪያ ያስገባል፤ ኮኪው10 ደግሞ እዚያው ውስጥ ከምግብ የተገኘው ኃይል ሰውነት ወደሚጠቀምበት መልክ ሲለወጥ ኤሌክትሮኖችን ያቀባብላል። ይሁንና ሁለቱንም ጤነኛ ሰውነት ራሱ ያዘጋጃቸዋል፤ ካርኒቲን ይበልጥ የሚታዘዘውም የልብ ጡንቻቸው ለላላባቸው አንዳንድ ውሾች ነው። ዳገት ላይ መቆም የልብ፣ የመገጣጠሚያ፣ የደም ማነስ ወይም መዥገር ያመጣው በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እንክብል ከመምረጥ በፊት መንስኤውን እንፈልግ። ዛሬ ማታ እንቅልፍ ሲወስደው ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይቁጠሩ፤ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱንም ይመልከቱ። ለመሆኑ ምን ይበላል?

ጠያቂ
ሁለት ሌሊት ቆጥሬ 22 እና 24 አገኘሁ። ድዱ ግን ድሮ እንደማውቀው ቀላ ያለ ሳይሆን የነጣ ሆኖ አገኘሁት። የሚበላው የተረፈ እንጀራ ከወጥ ጋር ነው፤ አንዳንዴ አጥንት እንጨምርለታለን።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ)
ትንፋሹ ደህና ነው፤ ያሳሰበኝ ድዱና ወጡ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ኦክስጅን የሚያደርሰው ደም ካነሰ ማይቶኮንድሪያ በየትኛውም እንክብል ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ወጡን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙና ደሙን ያስመርምሩለት፤ መዥገርና የሆድ ትላትልም አብረው ይታዩ።

መልስ (ውሻ አሳዳጊ፣ ደሴ)
እኔ ለአሮጊቷ ውሻዬ በሳምንት ሁለት ቀን ከሉካንዳ የበሬ ልብ ገዝቼ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅዬ፣ በመረቁ እንጀራ አርሼ እሰጣታለሁ። ልብ ኮኪው10ንም ካርኒቲንንም በተፈጥሮው ስለያዘ ከጠርሙሱ ይልቅ በእሱ እተማመናለሁ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ)
እስማማለሁ፤ መቀቀሉ ግን ግዴታ ነው። እዚህ አገር ከእርድ የሚጣለው ጥሬ ሳንባና ጉበት ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ እጭ ይኖርበታል፤ ውሻው ያንን ከበላ የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ ያወጣና ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆችን ሊያስይዝ ይችላል። ኮኪው10 ወደፊት ከታዘዘም በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ከምግብ ጋር ይሰጣል። የሚታኘክ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት ያረጋግጡ፤ የውሻን የደም ስኳር በድንገት አውርዶ ይገድላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። አልፋ ሊፖይኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቦቢን ለምርመራ እወስደዋለሁ፤ ሐኪሙ የተጻፈባቸውን እንዲያነብልኝም ሁለቱን ጠርሙሶች እይዛለሁ።