የዕቅድ ውይይት፦ ለበኩር ልጅ ወላጆች የወሊድ ዝግጅት ትምህርት በእድራችን አዳራሽ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚጠብቁ ባልና ሚስቶች፣ አራት ተከታታይ ቅዳሜ ከሰዓት። የምጥ ምልክት፣ ወደ ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚኬድ፣ የአደጋ ምልክቶች፣ ጡት ማጥባት፣ የአባት ድርሻ። ዐሥራ አንድ ጥንዶች ተመዝግበዋል። በጀቱ 18,000 ብር ነው፦ ለአዋላጇ አበል 8,000፣ ለሻይና ዳቦ 4,000፣ ለወረቀትና ለማስተማሪያ አሻንጉሊት 6,000። እስከ እሑድ አስተያየት ስጡ፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል።

ብሎክ 9፣ አራተኛ ፎቅ፦ እደግፋለሁ። ባለፈው ክረምት የሆነውን ታውቃላችሁ። በሌሊት ባለቤቴን አራት ፎቅ ደረጃ በጋቢ ደግፈን ስናወርድ ስድስት ጎረቤት ወጥቶ ነበር። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ሆነው ብለው ሲጠይቁን መልስ አልነበረንም። ለክትትል በሄደች ቁጥር እኔ በር ላይ ነበር የምቆመው፤ ባል አይገባም ይሉኝ ነበር። ታዲያ ከማን ልማር?

ገንዘብ ያዥ፦ ለአሻንጉሊት ይህን ያህል?

አዋላጅ፣ ብሎክ 5፦ የጨቅላ ሕፃን መጠን ያለው ነው። አያያዝና አጠባብ የሚታየው በእሱ ነው። በጨርቅ ከተሰፋም ይበቃኛል።

ብሎክ 3፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። አዳራሹ ውስጥ ያለው የለቅሶ ወንበር ነው፤ ማክሰኞ ከድንኳን ነው የተመለሰው። ነፍሰ ጡር፣ ያውም የበኩር ልጇን የያዘች፣ እዚያ ላይ ልትቀመጥ ነው? ገዱስ?

ብሎክ 17፦ እትዬ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። በበረኪና ይታጠባል።

ብሎክ 3፦ በበረኪና የሚለቅ ነገር አይደለም የተናገርኩት። ፍራሹስ? መልመጃው ፍራሽ ላይ ነው ተብሏል። ያ ፍራሽ ሐዘንተኛ የተኛበት ነው።

መሥራች አባል፣ ብሎክ 1፦ ወንበሮቹን የገዛነው ከየኪሳችን አዋጥተን ነው፤ ድንኳን እንኳ ባልነበረን ጊዜ። ዛሬ ርኩስ ሆኑ? ለሰርግም ሲከራዩ ሙሽራ ተቀምጣባቸዋለች፤ ያኔ ስለ ገድ ያነሣ አልነበረም።

ብሎክ 3፦ ያቺ ሙሽራ በኋላ የደረሰባትን ያውቃሉ ጋሼ። ባልናገር ይሻላል።

ብሎክ 14፦ የሰው ቤት ጉዳይ እዚህ አይነሣም! የተባለችው እህቴ ናት። ይህ ቃል ካልተነሣ መዋጮዬን አቆማለሁ።

ጸሐፊ፦ እባካችሁ ወደ አጀንዳው።

አዋላጅ፣ ብሎክ 5፦ ከወንበሩ በፊት ሰዓቱን እናንሣ። በመጀመሪያ ወሊድ የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር እስኪከፈት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምጥም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም እንጂ አጭር አይደለም። ይህን ያልሰማች እናት በመጀመሪያው ቁርጠት ትመጣለች፤ ገና ነሽ ተብላ ትመለሳለች። ሁለተኛ ላለመመለስ ስትል ደግሞ ትዘገያለች። ደም ካየች፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ምጥ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚኬደው። ባልየው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ ደውሎ የብሎኩን መግቢያ በቃሉ መናገር አለበት። አያቶችም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ እንገሩ እየታለበ ሲደፋ፣ ለሕፃኑ ቅቤ ሲቀመስ አሁንም አያለሁ። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት፤ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም።

ብሎክ 21፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ እሱም ከወሊድ በኋላ። እሑድ ቢሆን?

ብሎክ 17፦ የእሑዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ የወንበሩ ጉዳይ ይለቅ። ጸበል ይረጭበትና ይብቃ።

ብሎክ 8፦ እድሩ የሁላችንም ነው። ጸበል ከተረጨ የእኛም ሽማግሌ ዱዓ ያድርግ። ለማስቸገር አይደለም፤ ከተመዘገቡት ጥንዶች አራቱ የእኛ ልጆች ናቸው።

ብሎክ 17፦ ሁለቱም ይሁን። ማን ተቃወመ?

ብሎክ 3፦ ትምህርቱን አልተቃወምኩም። ስድስት ወልጄ ሁለቱን ቀብሬአለሁ፤ አንዱ የበኩሬ ነበር። ምልክት የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ትምህርቱን ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን ልጄ ስድስት ወሯ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ አላስቀምጣትም። የብሎክ 14 ልጄ፣ ስለ እህትሽ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ብሎክ 14፦ እሺ እማማ።

መሥራች አባል፣ ብሎክ 1፦ ነገሩ ይህ ከሆነ እኔም አልከራከርም። አዲስ ይገዛ። ለለቅሶ የማይወጣ፣ ነጭ ቀለም ያለው፣ ለብቻው የሚቆለፍበት።

ገንዘብ ያዥ፦ መርካቶ ጠይቄአለሁ፤ አንዱ 1,200 ብር ነው። አርባ ወንበር 48,000 ይሆናል። 18,000ው ለዚህ ቢዞርና ሦስት መቶው አባል መቶ መቶ ብር ቢያዋጣ ይሞላል። ለክርስትና፣ ለአቂቃና ለልደት ይከራያል፤ ገቢው በኋላ ትምህርቱን ይደግፋል።

ብሎክ 9፣ አራተኛ ፎቅ፦ 18,000ው ከዞረ አዋላጇን በምን እንከፍላለን? ሥዕላዊ ወረቀቱን አሳትማለሁ ያለው የብሎክ 12 ወጣትስ ወዴት ገባ? ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት።

ብሎክ 17፦ የኪራዩ ዋጋ ለአባልና አባል ላልሆነ ይለይ። ያለፈው ድንኳን ተቀዶ የተመለሰው በውጭ ሰው ነው።

ብሎክ 14፦ ለአባል በወንበር ዐሥር ብር፣ ለውጭ ሃያ። የተሰበረ በአዲስ ይተካል።

አዋላጅ፣ ብሎክ 5፦ አበሉ ቢቀር ግድ የለኝም፤ በነጻ አስተምራለሁ። ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ነኝ። የምችለው በዚህ ወር ብቻ ነው። ከተመዘገቡት ሁለቱ ደግሞ ወልደዋል፤ አንዷን ትናንት ጠይቄአት መጣሁ፤ እሷም ሕፃኑም ደኅና ናቸው።

ብሎክ 3፦ እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት። ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ አንደኛ፣ የአርባ ወንበር ግዢ፣ 48,000 ብር። ሁለተኛ፣ የኪራይ ደንብ። ሦስተኛ፣ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት፣ ወንበሩ ከተገዛ በኋላ፣ ቀኑ ወደፊት የሚወሰን። ሦስት ሰዎች ያሉት የግዢ ኮሚቴ ይመረጣል።

ብሎክ 9፣ አራተኛ ፎቅ፦ ሦስተኛው አንደኛ ይሁን። በዚህ ወር ካልተጀመረ ከዘጠኙ ጥንዶች የሚተርፍ የለም፤ ሁሉም ሳይማሩ ይወልዳሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮው እስከ ወር መጨረሻ ይግባ። ባለ እጀታ ይሁን ወይስ ያለ እጀታ?

ብሎክ 3፦ ባለ እጀታ። የከበዳት ሴት ለመነሣት የምትይዘው ያስፈልጋታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ባለ እጀታው 1,350 ነው። የ6,000 ብር ልዩነት አለው፤ በአንድ ሰው ሃያ ብር ይጨመር።