የእንግሊዝኛው «ኢፍ» (if) ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራው ይበቃኛል፤ «ኢፍ» ስትመጣ ግን ይጠፋብኛል።

የመጀመሪያው ዓይነት ገብቶኛል። «ነፋስ ከተነሣ እንመለሳለን» ለማለት «ኢፍ ዘ ዊንድ ራይዝስ፣ ዊ ዊል ተርን ባክ» ነው። ከ«ኢፍ» ቀጥሎ «ዊል» አይገባም።

የከበደኝ ሌላው ነው። ባለፈው ከሰዓት በኋላ ጣና ተናወጠና ከመንገድ ተመለስን። ለእንግዳዬ «ነፋሱ ባይነሣ ኖሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደርስ ነበር» ልላት ፈልጌ «ኢፍ ዘ ዊንድ ዲድንት ራይዝ፣ ዊ ዉድ ሪች» አልኳት። ገና የምንሄድ መሰላት መሰለኝ፣ የፈታችውን ላይፍ ጃኬት መልሳ ማሰር ጀመረች። በጣም አዘንኩ።

በእኛ አማርኛ «የራሴ ጀልባ ቢኖረኝ ኖሮ እወስድሽ ነበር» ስል ዛሬንም ትናንትንም ይይዝልኛል። እንግሊዝኛው ለዛሬው «ኢፍ አይ ሃድ»፣ ላለፈው «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ» ይላል። ዛሬ ለሌለኝ ነገር ኃላፊ ጊዜ ለምን? ሁለት «ሃድ» ሲደራረብስ የትኛው ምን ይሠራል? እየተናገርኩ ቶሎ የምለይበት ዘዴ የምታውቁ፣ በተለይ መምህራን፣ በምሳሌ አሳዩኝ። ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ።