የጎንደር ፖሊስ ለማን ነው የሚታዘዘው? ባጃጅ ተሰርቆብን መላ አጣን

የማራኪዋ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ የቸገረኝ ነገር አለ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። የታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ከተሰረቀች ዛሬ 9 ቀኗ ነው። አዘዞ አንድ ዘመዳችን ቤት ለቅሶ ሊደርስ ማታ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ አቁሟት ገባ፣ ትንሽ ተቀምጦ ሲወጣ የለችም። በእቁብ የተገዛች ናት፣ የእኔም የእናቴም ብር አለበት፣ ገና 7 ወር እንጥላለን።

ያን ማታውኑ አንድ ጣቢያ ሄድን፣ ተረኛው የምትኖሩት ማራኪ ከሆነ እዛ አመልክቱ አለን። በነጋታው ሌላ ጣቢያ ስንሄድ ደሞ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ነው የሚመለከተው ብለው መለሱን፣ ከመሃል አንዱ ተሽከርካሪ ስለሆነ ትራፊክ ጋር ሂዱ አለ ትራፊኮቹ ግን እኛ አደጋ እንጂ ስርቆት አንይዝም አሉ፣ እውነት ለመናገር እነሱ በትህትና ነው የነገሩን። በ3ኛው ቀን ተመልሰን ስንለማመጥ አንድ ልጅ እግር ፖሊስ ስማችንንና ታርጋውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ከዛ በኋላ ማንም አልጠራንም።

ትናንት ግን የወንድሜ ጓደኛ ደወለ። መተማ መንገድ ላይ ያለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ታርጋ የሌላት ባጃጅ አይቻለሁ የእናንተ ናት አለ። የኋላ ሸራዋ ተቀዶ እናቴ በቀይ ክር ሰፍታዋለች፣ እሱን ስፌት ነው ያየው። አሁን ጥያቄዬ፣ የጎንደር ፖሊስ ገንዳ ውሃ ድረስ ሄዶ መያዝ ይችላል? የሚታዘዘውስ ለከንቲባው ነው ለባህር ዳር ነው ወይስ ለፌደራል? አቤት የምንልበትን ስላላወቅን እኮ ነው በየበሩ የምንንከራተተው።

ሳጅን ነበርኩ፦

አይዞሽ እህትዓለም። 19 ዓመት በክልሉ ፖሊስ አገልግዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ታሪክሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር መዝገብ አይደለም። አሁኑኑ አዘዞ ማለትም ወንጀሉ የተፈጸመበት አካባቢ ያለው ጣቢያ ተመለሺና የመዝገብ ቁጥር ስጡኝ በይ። ቁጥር ከሌለው ጉዳይሽ በፖሊስ ዘንድ የለም፣ መርማሪም አይመደብለትም፣ ለሌላ ዞንም ደብዳቤ አይጻፍለትም።

አደረጃጀቱን ከታች ልጀምርልሽ። ቀበሌ ላይ የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አለ፣ እሱ ሰፈሩን የሚያውቀው ነው፣ ማን ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ሳትንቂ አናግሪው። ከዛ በላይ ጣቢያ ነው። ጣቢያው አዛዥ አለው፣ ከስሩ ወንጀል መከላከልና ወንጀል ምርመራ ለየብቻ ናቸው፣ በር ላይ የመለሰሽ ተረኛ የመከላከል ልጅ ይሆናል ምርመራውን አያውቀውም። ስለዚህ ስትሄጂ ማዕረግ አትዪ ኃላፊነት ጠይቂ። ኮንስታብልም ሳጅንም ኢንስፔክተርም የሰውየው ማዕረግ ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው የጣቢያውን አዛዥ ወይም የምርመራ ኃላፊውን ነው፣ ትከሻው ላይ ያለውን እያየሽ ትልቅ ነው ብለሽ ያናገርሽው ሰው ጉዳዩ ጨርሶ የማይመለከተው ሊሆን ይችላል።

ከጣቢያዎቹ በላይ የከተማው ፖሊስ መምሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ፖሊስ መምሪያም መቀመጫው ጎንደር ነው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ዙሪያውን ያሉትን ወረዳዎች ነው የሚመራው። የድሮው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ሶስት ቦታ ሲከፈል ፖሊሱም አብሮ ተከፈለ፣ ማዕከላዊው እዚህ ቀረ፣ ሰሜኑ ደባርቅ፣ ምዕራቡ ገንዳ ውሃ ሆነ። እና ገንዳ ውሃ ያለው የመምሪያ ኃላፊ ለጎንደር ከተማው ኃላፊ አይታዘዝም፣ እኩያው ነው። ሁለቱን የሚያዘው ባህር ዳር ያለው የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ነው።

ግን ባህር ዳር ድረስ መሄድ አይጠበቅብሽም። መዝገቡ ከተከፈተ መርማሪሽ በመምሪያው በኩል ለምዕራብ ጎንደር የትብብር ደብዳቤ ያጽፋል፣ እነሱ እዛው ይይዙልሻል። እኔ ስሰራ ይሄን በስልክ ጀምረን ደብዳቤውን በኋላ እናስከትል ነበር ምክንያቱም ንብረት አይጠብቅም፣ ባጃጅ ደሞ በአንድ ሌሊት ተፈታታ ትሸጣለች።

ጃንተከል፦

ሳጅን አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በተግባር ግን የከተማውን ፖሊስ የሚያዘው ከንቲባው ነው። በጀቱ ከከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ነዳጁም ደሞዙም። በዓል ሲደርስ የጥምቀት ጸጥታ ስብሰባ ማን ነው የሚመራው? የከተማው አስተዳደርና የሰላምና ጸጥታው ኃላፊ ናቸው እኮ። ፖሊሱ ባህር ዳርን እየጠበቀ አይደለም የሚንቀሳቀሰው።

ሳጅን ነበርኩ፦

ወንድሜ ጃንተከል ያልከው ልክ ነው እኔም አልክድም፣ ተጠሪነቱ ሁለት ቦታ ነው። ሙያውን ማለትም ምርመራው እንዴት ይመራ፣ ዲሲፕሊን፣ ስልጠና፣ ይሄን ኮሚሽኑ ነው የሚመራው። በጀትና የዕለት ተዕለት የከተማው ጸጥታ ከአስተዳደሩ ጋር ነው። አንድ ኃላፊ ሁለት አለቃ ሲኖረው ምን ያህል እንደሚከብድ ውስጡ የነበረ ያውቀዋል፣ አስተዳደሩ ሰዎቹን ሁሉ ለስብሰባ ጥበቃ ሲፈልጋቸው መምሪያው ደሞ መዝገብ ለምን ዘገየ ይላል፣ መርማሪው ቀኑን ሙሉ ጥበቃ ቆሞ ውሎ ማታ ነው መዝገብ የሚገልጠው። ይሄ የልጅቷን ጉዳይ አያስተባብልም ግን ለምን እንደሚዘገይ ሰው ይወቀው።

ሌላም የሚምታታ አለ። መሳሪያ የያዘ ሁሉ ፖሊስ አይደለም። ሚሊሻ በፖሊስ ሳይሆን በሰላምና ጸጥታው በኩል ነው የሚደራጀው፣ ከፖሊስ ጋር አብሮ ይሰማራል እንጂ መዝገብ አይከፍትም። አድማ ብተና የፖሊሱ አካል ነው። ልዩ ኃይል የሚባለው በ2015 በየክልሉ እንዲፈርስ ተወስኖ አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌደራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ነው የተባለው። ማረሚያ ቤትም ራሱን የቻለ ተቋም ነው፣ ሰው ጣቢያንና ማረሚያን አንድ ያደርጋል።

ጠበቃ ከአራዳ፦

የፌደራሉን ጥያቄ ልመልስ። የክልል ፖሊስ የፌደራል ፖሊስ ቅርንጫፍ አይደለም። ድሮ አንድ ነበር፣ በ1934 የፖሊስ አዋጅ ሲወጣ ጀምሮ በንጉሡም በደርግም ከአዲስ አበባ የሚመራ አንድ ፖሊስ ነው የነበረን። የ1987ቱ ህገ መንግስት ነው የለየው፣ አንቀጽ 51 ለፌደራሉ የራሱን ፖሊስ ሰጠ፣ አንቀጽ 52 ደሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁና እንዲመሩ በክልላቸውም ሰላምና ጸጥታ እንዲያስጠብቁ ስልጣን ሰጠ። ስለዚህ ኮንትሮባንድ ወይ ሀሰተኛ ብር ቢሆን ፌደራሉ ይገባል፣ የባጃጅ ስርቆት ግን የክልሉ ፖሊስ ስራ ነው። በመተማ መንገድ ኬላ ላይ ፌደራሎችን ብታይም መዝገብሽ እነሱ ጋር አይሄድም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነው ነገሩ የሚለወጠው፣ ያኔ ሁሉም የጸጥታ ኃይል በአንድ ዕዝ ስር ይሆናል፣ በሐምሌ 2015 እዚህ ክልል የታወጀ ጊዜ ያየነው ነው።

አሁን ዋናው። ጣቢያው አንቀበልም ማለት አይችልም! በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እስከዛሬ ይሰራል፣ አንቀጽ 22ን አንብቢው፣ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ ይጀምራል ነው የሚለው፣ መርማሪው አቤቱታውን ቢጠራጠረው እንኳ መመርመር አለበት። አቤቱታሽ በጽሁፍ ይሰፍራል፣ ይነበብልሻል፣ ትፈርሚበታለሽ። ካልፈረምሽ አመልክተሻል ለማለት ይከብዳል። ጣቢያው እምቢ ካለ አቤቱታሽን በጽሁፍ አድርገሽ ለመምሪያው አስገቢ፣ ኮፒው ላይ ገቢ የሚል ማህተም አስመቺ፣ እሱም ካልሆነ ለክልሉ ኮሚሽን። ዐቃቤ ህግም አለ፣ ሰው ይረሳዋል፣ ክስ የሚመሰርተው ፖሊስ ሳይሆን ዐቃቤ ህግ ነው፣ ምርመራው ጎደሎ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል። በቃል አትተማመኚ፣ ሁሉን በጽሁፍ።

መተማ መንገድ፦

እኔ በዚህ በመተማው መንገድ ላይ ነው የምሰራው። ታርጋ ይነቀላል የሻንሲ ቁጥር ግን በቀላሉ አይጠፋም፣ ሊብሬውን ኮፒ አድርጋችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ አስጽፉ፣ ቀይ ባጃጅ ሰማያዊ ባጃጅ ብሎ ነገር አይያዝም፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ሁለተኛ ወንድምሽ ብቻውን ሄዶ እንዳይነካት አደራ አደራ። አንድ የማውቀው ልጅ የራሱን ሞተር አይቶ ዘሎ ያዘ፣ የያዘው ሰው ሌባ ብሎ ጮኸና ልጁ ተደብድቦ ጥርሱን አጣ፣ በእጁ መዝገብም ደብዳቤም ስላልነበረ ለፖሊሶቹም ማስረዳት አልቻለም። መልሼ ልግዛት የሚል ደላላ ቢመጣም ብር እንዳትሰጡ፣ ስልኩን ለመርማሪው ስጡ።

የማራኪዋ፦

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ እናቴ ሁላችሁንም መርቃለች። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። የጣቢያውን አዛዥ ነው የምፈልገው ስል ተረኛው ትንሽ አንገራገረ፣ አቤቱታዬን በጽሁፍ ይዣለሁ አንቀጽ 22 ላይ ተመስርቼ ስለው ግን አስገባኝ። አዛዡ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አነበቡትና ያን ብጣሽ ወረቀት የጻፈውን ልጅ አስጠሩት። አልተቆጡትም፣ ሁለተኛ እንዲህ አይደረግም አሉት። ሴት መርማሪ መደቡልኝ፣ ቃሌን ተቀበለችኝ፣ አንብባልኝ ፈረምኩ፣ የመዝገብ ቁጥሩን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ሁለት ጊዜ አስተያይታ ነው የጻፈችው። እኔ ፊት ገንዳ ውሃ ደወለች፣ ከሰዓት ደሞ ደብዳቤው ከመምሪያው ወጣ።

ወንድሜ ነገ ይሄዳል፣ መጀመሪያ መምሪያቸው ገብቶ ከፖሊስ ጋር ካልሆነ ወደ ባጃጇ እንዳይጠጋ አስምለነዋል። እናቴ ከቀይ ክሩ የተረፈውን ጥቅልል ፈልጋ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው፣ ከስፌቱ ጋር አስተያዩት በላቸው ብላ። ነገ ማታ የሆነውን እጽፋለሁ።